የበዓል ብርሃንና የጎረቤት መስኮት፦ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ስለሚሰቀሉ የበዓል መብራቶች ደንብ

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬውን ርእስ ለአንድ ባልደረባዬ ስነግረው ፈገግ አለና «የበዓል መብራት ደግሞ ምን ሕግ ያስፈልገዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ ጥቂት ሜትር ሽቦ የሕግ ምሁርን ጊዜ የሚሻማ አይመስልም። ይሁን እንጂ ያ ሽቦ የባለቤትነት መብት፣ የእምነት ነጻነት፣ የእሳት አደጋና የጎረቤት እንቅልፍ በአንድ ሌሊት የሚገናኙበት ነው። ከትልልቅ ጉዳዮች ይልቅ በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ጉዳዮች ላይ ሕጋችን ምን ያህል ከኑሯችን ጋር እንደሚስማማ ይፈተናል።

ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሕጋችን የበዓልን ብርሃን በስም ጠርቶ ባይደነግግም መለኪያውን ሰጥቶናል፤ መለኪያውም መልካም ጉርብትና ነው። ይህን መለኪያ ግልጽ ወደ ሆነ ደንብ መተርጎም ግን የነዋሪዎች ድርሻ ነው። ድርሻቸውንም ሊወጡ የሚገባቸው ከበዓሉ በፊት ነው፤ ከጠቡ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላልና።

ሥርዓቱን በውስጡ የያዘ እሳት

የእኛ በዓላት ከብርሃን ጋር ያላቸው ዝምድና የቆየ ነው። ነሐሴ 12 ቀን ማታ ለቡሄ ችቦ ይበራል። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ በየደጁ ይለኮሳል። መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፤ የመስቀል በዓልም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በኦሮሞ ዘንድ ጉባ በመባል የሚታወቀው የችቦ ሥርዓትም በዚሁ ወቅት የሚከናወን ነው።

የእነዚህን እሳቶች ሥርዓት ልብ ብለን ብናይ ደንባቸው ከውስጣቸው መሆኑን እንረዳለን። ደመራ የሚደመረው ገላጣ ስፍራ ላይ ነው፤ ጎጆ ሥር ደመራ የሚተክል የለም። የሚለኮሰው በታወቀ ቀንና በታወቀ ሰዓት ነው። ሲነድ ሕዝብ ከቦት ይቆማል፤ ወዴት እንደሚወድቅ የሚመለከቱ ዓይኖች ሁሉ ጠባቂዎቹ ናቸው። ቦታ፣ ሰዓት፣ ጠባቂና ፍጻሜ አለው። አባቶቻችን ይህን በአንቀጽ አልጻፉትም፤ መጻፍም አላስፈለጋቸውም፤ የሥርዓቱ አካል ነበርና።

በቅርብ ዘመን ከተሞቻችን የለመዱት የኤሌክትሪክ ጌጥ ግን እነዚህን አራት ነገሮች ይዞ አልመጣም። የሚሰቀለው በግል ቤት ላይ ነው። መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ የሚወስን ልማድ ገና አልተፈጠረለትም። ባለቤቱ ተኝቶም ሆነ ከቤት ወጥቶ መብራቱ ይሠራል። በዓሉ ካለፈም በኋላ ለሳምንታት ሳይወርድ ይቆያል። እንግዲህ አሮጌው ብርሃን ከነደንቡ ሲወረስ አዲሱ ያለ ደንብ መጥቷል ማለት ነው። የምንነጋገረው ይህን ክፍተት ስለ መሙላት ነው።

ደራ፦ ግቢና ነፋስ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ብንጓዝ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ደራን እናገኛለን። በደራና በመሰሎቿ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብዙው ሰው የሚኖረው በግቢ ነው። በአጥር የተከለለ ቦታ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአጥሩ ማዶ ሌላ የቆርቆሮ ጣሪያ። እንዲህ ባለ አኗኗር ስለ በዓል እሳትና መብራት የምናነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ በአጥሩ ላይ የሚሻገረው ምንድን ነው የሚለው ነው።

በዚህ አካባቢ መልሱን የሚያከብደው ነፋሱ ነው። ከአዳማ አጠገብ በኮረብቶች ላይ የተተከሉት ተርባይኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው እዚያ የተሠሩት ነፋሱ የሚታመን ስለ ሆነ ነው። መብራታችንን በከፊል የሚያመነጨው ይኸው ነፋስ የችቦን ፍንጣሪ አንሥቶ ከጎረቤት የሣር ክምር ላይ ይጥላል፤ በልቅ የተንጠለጠለን ሽቦም ሌሊቱን ሙሉ ከቆርቆሮ ጠርዝ ጋር ሲያፋትግ አድሮ ልባሱን ይልጠዋል። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ሲነካ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በእኛ አገር የበዓል መብራት ደንብ ሲጻፍ ስለ ውበት ከመናገሩ በፊት ሽቦው በምን እንደ ታሰረ ሊናገር ይገባዋል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው፣ በአንቀጽ 1225 ባለቤት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። ቀጥሎም ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት እንዳያስነሣ ይከለክላል። ዝርዝሩን አስተውሉ፤ ብርሃን የለበትም።

አንድ ተማሪ «እንግዲያው ብርሃን ተፈቅዷል» ብሎ ቢደመድም አልስማማም። የአንቀጹ የመጀመሪያ ንኡስ አንቀጽ ማንኛውንም ማወክ የሚመለከት ጥቅል ትእዛዝ ነው፤ ዝርዝሩ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ በከተሞቻችን የጎረቤትን መኝታ ቤት የሚያበራ ጌጥ አልነበረም፤ ያልነበረ ነገር ደግሞ በዝርዝር አይገባም። የእንግሊዝ ሕግም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። ጭስ፣ ሽታና ጩኸት የጎረቤት ማወኪያ ተብለው በሕግ ተዘርዝረው ለብዙ ዘመን ሲኖሩ ሰው ሠራሽ ብርሃን በዝርዝሩ የተጨመረው በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። እነርሱ በአዲስ ሕግ የሞሉትን ክፍተት እኛ በትርጓሜ ልንሞላው እንችላለን፤ ጥቅሉ ትእዛዝ በእጃችን ነውና።

የሚቀረው ልኩን መወሰን ነው። «ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ» የሚለው አነጋገር ማንኛውንም መታወክ አይከለክልም። ጎረቤት ጎረቤቱን በመጠኑ ይታገሣል፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለውም ይህ መታገሥ ስላለ ነው። የገና ዋዜማ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር ከልክ አላለፈም፤ ያው መብራት እስከ የካቲት ቢዘልቅ ልክ አልፏል። ዳኛም ሆነ ሽማግሌ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ቀን ቆየ፣ በስንት ሰዓት በራ፣ ወዴት አቀና የሚለውን ነው።

ርችትን በተመለከተ ጉዳዩ ይለያል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 ፈንጂ ነገርን በመጠቀም ወይም በማከማቸት በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰን ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት በመኖሪያ ሰፈር የሚተኮስ ርችት በዚህ አንቀጽ ሥር ሊወድቅ ይችላል። «ተጠንቅቄ ነበር» የሚለው መከላከያ አያድንም ማለት ነው። የአገራችን ፖሊስ በበዓላት ዋዜማ ርችት መተኮስ የተከለከለ መሆኑን ሲያሳስብ የምንሰማው ለደኅንነት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ኀላፊነቱ ግን ማሳሰቢያ ቢወጣም ባይወጣም ያለ ነው።

አዳማ፦ አንድ ደረጃ፣ አንድ ቆጣሪ

ከደራ ወደ አዳማ ስንመለስ አኗኗሩ ይለወጣል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አጥር የለም። የእኔ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። በረንዳዬ ላይ የሰቀልሁት መብራት በመንገዱ ማዶ ካለው ብሎክ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ደረጃው፣ የውጭው ግድግዳ፣ ጣሪያውና የደረጃው አምፖል የሁላችን ነው፤ የደረጃው አምፖል የተያያዘበትም የጋራ ቆጣሪ አለ፤ ሒሳቡን ሁላችን እናዋጣለን።

ይህን አኗኗር የሚገዛው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዋጁ በግል የተያዘውን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ይለያል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምና ማኅበሩም የመተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። ስለ በዓል መብራት ዝርዝር ነገር ከአዋጁ መጠበቅ የለብንም፤ አዋጁ የሰጠን ብዕሩን ነው። ያገኘኋቸው ብዙ የመተዳደሪያ ደንቦች ስለ ውሃ ታንከር፣ ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ ልብስ ማስጫ በዝርዝር ሲናገሩ ስለ በዓል ግን ዝም ይላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። «መብራቱ ኃይል ይበላል» የሚለው ወቀሳ በአብዛኛው ትክክል አይደለም። 100 ጥቃቅን የኤልኢዲ አምፖሎች ያሉት ገመድ የሚወስደው በአማካይ 5 ዋት ያህል ነው። የበዓል ዋዜማ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ አንድ ምጣድ ከ600 የመብራት ገመዶች ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ዋናው አደጋ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። በእጅ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ፣ በላዩ ሌላ ዲቫይደር የተሰካበት ዲቫይደር፣ እንደ ተጠቀለለ የሚሠራ ማራዘሚያ ገመድ፤ እነዚህ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ፣ በመጨረሻም ይቀጣጠላሉ። ከምጣዱ ጋር በአንድ ሶኬት ሲጋሩ ደግሞ አደጋው ይባባሳል። በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን ክረምቱ ገና ስላልወጣለት ለቤት ውስጥ የተሠራን ገመድ በረንዳ ላይ መስቀል ውሃና 220 ቮልትን ማገናኘት ነው።

የእኔ ስሕተት

ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት ልናገር። በምኖርበት ሕንፃ ለጥቂት ጊዜ የማኅበሩ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። አንድ ዓመት በገና ሰሞን አንድ ቤተሰብ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር የሚወርድ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በደረጃው መስኮት በኩል ሰቀለ፤ ሽቦውንም ከጋራ ቆጣሪው ቀጠለ። ፊት ለፊት የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌር ወደ እኔ መጣ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ የጂቡቲን መንገድ የሚይዝ ሰው ነው። «ጋሼ» አለኝ፣ «ዝም ብሎ ቢበራ እችለው ነበር፤ እየጠፋ እየበራ ነው ያስቸገረኝ።» እኔም «በዓል ነው፣ ጥቂት ቀን ታገሥ» ብዬ ሸኘሁት። መብራቱ ከጥምቀት አልፎ እስከ ጥር መጨረሻ ቆየ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ረመዳን ገባ። በዚያው ደረጃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ጨረቃና ኮከብ ያለበት ትንሽ መብራት በዚያው የደረጃ መስኮት ሰቀሉ፤ እርሳቸውም ከጋራ ቆጣሪው ቀጠሉ። በማግስቱ ሁለት ነዋሪዎች ቅሬታ አቀረቡ። እኔም ያለ ምንም ክፋት፣ ከዚህ ቀደም ደንብ ባለመኖሩ የተፈጠረውን ችግር አስታውሼ፣ «ከጋራ ቆጣሪ መብራት መቀጠል ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ጽፌ ምድር ቤት ለጠፍሁ።

እናቲቱ መብራቱን በዚያው ምሽት አወረዱ። በሚቀጥለው ቀን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ ሰጥተውኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ደንቡ ትክክል ነው፤ ግን በገና የት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ማስታወቂያው ቃል በቃል ቢነበብ ማንንም አይለይም፤ የተለጠፈበት ቀን ግን ለየ። ለአንዱ በዓል ትዕግሥትን፣ ለሌላው ደንብን ሰጠሁ። ይህን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም፤ ደንቡ አስቀድሞ ባለመጻፉ በዓሉን የመዘንሁት በራሴ ልማድ ነው። ለለመድሁት በዓል «ይለፍ» ማለት ቀላል ነበር።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ሲያረጋግጥ እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምንና የሌሎችን መብት የመሳሰሉትን ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ብቻ መሆኑን ያስቀምጣል። በአንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታ የመንግሥት አካላት ብቻ ሳይሆን የዜጎችና የማኅበራትም መሆኑን ይደነግጋል። የአንድ ሕንፃ ኮሚቴም ማኅበር ነው። ምድር ቤት የሚለጥፈው ወረቀት ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደለም።

ከሌላው ዓለም ሁለት ክሶች

የቤት ባለቤቶች ማኅበርና የበዓል መብራት በብዛት የሚጋጩባት አገር አሜሪካ ናት፤ ከዚያ የምንማረው አለን። በአርካንሳ ግዛት፣ በሊትል ሮክ ከተማ አንድ ቤተሰብ ከ3 ሚሊዮን በላይ አምፖሎችን በቤቱ ላይ ይሰቅል ነበር። ጎረቤቶቹ ከሰሱ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1994 እ.ኤ.አ. ለጎረቤቶቹ ወሰነ። ከችግሩ ዋነኛው ብርሃኑን ሊያዩ የሚጎርፉት መኪኖች ነበሩ፤ ነዋሪዎች በመንገዱ መጨናነቅ ምክንያት ወደ ቤታቸው ለመግባት ተቸግረው ነበር። ያ ጌጥ በኋላ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው የዲስኒ መዝናኛ ተዛውሮ ሰው ሊያየው ወዶ የሚሄድበት ነገር ሆነ። ከዚህ የምንማረው ብርሃን በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ነው፤ ጥፋቱ ቦታውን መሳቱ ነው።

ሁለተኛው በአይዳሆ ግዛት የተነሣ ነው። አንድ ቤተሰብ በአዲስ መንደር ቤት ሊገዛ ሲል ትልቅ የገና መብራት ትርዒት የማዘጋጀት አሳቡን ለማኅበሩ ገለጸ። ማኅበሩ የጻፈው መልስ የመንደሩን ደንብ ጠቅሶ ሳያበቃ አንዳንድ ነዋሪዎች ክርስቲያን አለመሆናቸውንም አነሣ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2018 እ.ኤ.አ. ጁሪ ለቤተሰቡ 75,000 ዶላር ፈረደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዳኛው ያንን ውሳኔ ሻረው፤ ክርክሩም በይግባኝ ቀጠለ። ማኅበሩ ስለ ሰዓት፣ ስለ መኪናና ስለ ድምፅ ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ስለ እምነት ያን ያህል ባልተካሰሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ደንብ አምፖሉን ይለካ እንጂ ልብን አይለካ።

በደንቡ ምን ይጻፍ?

ለጋራ ሕንፃ ማኅበራት፣ በግቢ ለሚኖሩ የሰፈር ነዋሪዎችም ጭምር፣ የሚከተሉትን ስድስት ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቀኑ። ለየትኛውም የእምነት በዓል እኩል የቀን ብዛት ይወሰን፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚወርድበት ቀንም ይቆረጥ። እንደ ረመዳን ያለው ረጅም ወቅት ከነርዝመቱ፣ የገና ሰሞንም ከነጥምቀቱ ሊታሰብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ከቤት ውጭ የሚታይ መብራት ምሽት አራት ሰዓት ላይ ይጥፋ፤ የዋዜማ ሌሊቶች ብቻ ይለዩ።

ሦስተኛ፣ አቅጣጫው። ወደ ሌላ ሰው መስኮት በቀጥታ አይብራ። ብልጭ ድርግም የሚለው በቤት ውስጥ ይሁን፤ ውጭ የሚሰቀለው ሳይቆራረጥ የሚበራ ይሁን።

አራተኛ፣ ሽቦው። ከራስ ቆጣሪ ብቻ ይቀጠል። ለውጭ የተሠራ ገመድ ይሁን፤ ነፋስ እንዳያፋትገው በየመካከሉ ይታሰር። በደረጃና በመውጫ በር ላይ አይዘርጋ፤ በእሳት ጊዜ ሰው የሚሸሽበት መንገድ ያ ነውና። ከቤት የሚወጣ ሰው አጥፍቶት ይውጣ።

አምስተኛ፣ እሳቱ። ችቦ በበረንዳና በደረጃ አይለኮስ። ማኅበሩ በግቢው ውስጥ ከመኪናና ከጋዝ ሲሊንደር የራቀ ቦታ ይለይ፤ ውሃና አሸዋ ይቀመጥ፤ አመዱ እስኪቀዘቅዝ የሚቆም ጎልማሳ በስም ይታወቅ። ርችት ፈጽሞ አይተኮስ።

ስድስተኛ፣ ቅሬታው። ደንቡ ባለቤትንም ተከራይንም ያስገድድ። ቅሬታ ሲቀርብ መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ከዚህ ቀደም ለተመሳሳይ ቅሬታ የተሰጠው መልስም ከጎኑ ይቀመጥ። እኔ ይህን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያን ማስታወቂያ ከመለጠፌ በፊት የሹፌሩን ቅሬታ አስታውስ ነበር።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ደመራው የነበረውን ቦታ፣ ሰዓት፣ ጠባቂና ፍጻሜ ለአምፖሉም መስጠት ነው። ደንቡን ለመጻፍ የሚሻለው ጊዜም የማንም በዓል ያልቀረበበት፣ ማንም ገና መብራቱን ያላወጣበት ተራ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት የተጻፈን ደንብ የሚያነብ ሰው «ይህ በእኔ ላይ ነው» አይልም።

የሁለተኛ ፎቋ እናት ጥያቄ በሚቀጥለው ዓመት መልስ አገኘ። ኮሚቴው በግንቦት ወር ተሰብስቦ ደንቡን ጻፈ፤ ሹፌሩና እርሳቸውም በረቂቁ ላይ አስተያየት ሰጡ። በሚቀጥለው ገና የአራተኛ ፎቁ ቤተሰብ መብራቱን ከራሱ ቆጣሪ ቀጥሎ በረንዳው ላይ ሰቀለ፤ በረመዳንም ጨረቃዋ በሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በራች። ሁለቱም ምሽት አራት ሰዓት ላይ ጠፉ።